የዛገ ጭነት መኪና ስታድሱ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

መስከረም ሲጠባ የቆመ መኪና የገዛ ሰው ጣና አካባቢ ካለው ጋራዣችን ደጅ አይጠፋም። ፊያት ኤንትሬ ይሁን ቤድፎርድ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው ያው ነው፦ «ቀለሙ ስንት ይፈጃል?» ኧረ ቀለሙ ይቆይ!

ሁሉን በአንዴ መፍታት። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ይመጣል። ሲመሽ ጋቢናው ወርዷል፣ ሞተሩ መሬት ላይ ነው፣ ብሎንና ዳዶው አንድ ባልዲ ውስጥ ተደባልቋል። የሠራ ይመስለዋል። ከዚያ ብሩ ያልቃል፣ ሜካኒኩ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ሰኔ ግም ይላል። አባይ ማዶ አንዱ እንዲሁ በታትኖት ጋቢናው የዶሮ ቤት ሆኖ ከረመ። ኋላ ሻንሲው (ሁሉ ነገር የሚቀመጥበት የብረት አጽም) በኪሎ ተሸጠ። አንድ ክፍል ፍቱ፣ ጨርሱ፣ ግጠሙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። መጀመሪያ ሻንሲ፣ ቀጥሎ ፍሬንና መሪ፣ ከዚያ ሞተርና ኤሌክትሪክ። ላሜራና ቀለም መጨረሻ ነው። መኪናው ምንጊዜም በጎማው ቆሞ ሲገፉት የሚሄድ መሆን አለበት።

ዝገትን በጣና ማሳበብ። «ሐይቁ በላው» ይላሉ። የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ ስሙን አታጥፉ። የሚበላው የተጠቀጠቀ ጭቃና የጭነት ትራፊ ነው። ማዳበሪያ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ከሆነ የጭነቱን ሳንቃ አንሱ። ስሩ ነጭ ነገር ተጋግሮ ታገኛላችሁ። እርጥበት እየሳበ ብረቱን ሲያርስ የኖረው እሱ ነው። በውሃ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነና ቅርፊቱ ከረገፈ ተበልቷል። ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ሞላ) የሚታሰርበት ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ።

ዝገት ላይ ስቱኮ (ከቀለም በፊት ጎድጓዳ የሚሞላበት ልጥፍ) መለሰን። በሚቀጥለው ክረምት ያብጣል፣ ይወድቃል።

የተፋቀ ብረት ማሳደር። በእኛ ክረምት ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በቀኑ ፀረ ዝገት የምትቀቡትን ያህል ብቻ ፋቁ።

ለዓመታት የቆመ ሞተር በሞተሪኖ (በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ) መቀስቀስ። ኖዝሎቹን (ናፍታ የሚረጩትን) አውጡ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት አንጠባጥቡ፣ ይደር፣ ከዚያ በእጅ አዙሩት። እንቢ ካለ አትታገሉት፣ ዘይት ጨምሩና ታገሱ። የከረመውን ናፍታም ቅዱት፣ ከስሩ ውሃ አያጣም። ቦይ ውስጥ ግን እንዳትደፉት፣ ዞሮ ዞሮ ጣና ነው የሚገባው።

ባትሪ ሳይነቀልና የነዳጅ ታንከር ሳይወርድ መበየድ። ይሄም ይነገራል?

አሮጌ ዕቃ ቶሎ መጣል። አዲሱ ተገዝቶ እስኪገጠም ናሙናችሁ እሱ ነው።

የሻንሲ ቁጥርን በግራይንደር መፋቅ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አጽዱት እንጂ ማሽን አታስጠጉበት። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው። ሞተር የምትቀይሩ ከሆነም ሻጩ ወረቀቱን እጃችሁ ላይ ሳያስገባ ብር አትስጡት።