ድሬ ላይ ጓሮ ሲያስቸግር፦ ከቲማቲሙ አበባ እስከ ባሚያው ድስት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ አራት መደብ የማትሞላ ጓሮ አለች። እሷ ጋ ስንት ዓመት ስንጨቃጨቅ የገባኝ፣ ድሬ ላይ «በሽታ መታው» የምንለው አብዛኛው ነገር ሙቀትና ውሃ ነው። የሚረጭ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ቲማቲሙ ያብባል፣ ፍሬ ግን የለም

አበባው ይደርቅና ከአንገቱ ተቀንጥሶ ይረግፋል። እኛ ቤት ግንቦት ላይ ነው የሆነው። እናቴ «ዓይን ነው» አለች፣ እኔ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ቀኑ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ21 አልወርድ ሲል የአበባው ዱቄት ይበላሻል፤ ፍሬ አይቋጥርም። የኔ ማዳበሪያ ቅጠል ብቻ አንዠረገገ።

ዋናው መፍትሄ ወቅቱን መቀየር ነው። ዘሩን መስከረም መጀመሪያ ላይ አፍሉት፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ጥቅምት ላይ አዛውሩት። አበባው ህዳርና ታኅሣሥን ያገኛል፤ ያኔ ድሬም ትንሽ ትተነፍሳለች። ግንቦት ላይ የቆመ ተክል ካላችሁ አትንቀሉት። የከሰዓቱን ፀሐይ በአሮጌ ነጠላ ጋርዱለት፣ ሲበርድ እንደገና ያብባል።

የፍሬው ታች ይጠቁራል

ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ቆዳ የመሰለ ጠባሳ። ካልሲየም ፍሬው ድረስ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። እዚህ ጋ ጎረቤት ሁሉ የእንቁላል ቅርፊት ቅበሩ ይላል። ግን የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት፤ ያ ነጭ ቅርፊት ምን ይመስላችኋል? የድሬ ውሃ ካልሲየም አልጎደለውም። የጎደለው ወጥ የሆነ አጠጣጥ ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው በውሃ ተጭኖ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ አራት ቀን እናስጠማዋለን፣ ሲመጣ ደግሞ እናጥለቀልቀዋለን።

ለጓሮው ብቻ የሚሆን አንድ በርሜል ሙሉ። በየሁለት ቀኑ ጠዋት ጠዋት፣ ሥሩ ላይ አጠጡ። አፈሩን አምስት ሳንቲሜትር ያህል ደረቅ ሣር አልብሱት። የጠቆረውን ፍሬም አትጣሉት፤ ጥቁሩን ቆርጣችሁ ቀሪውን ስልስ ሥሩበት።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ

ይሄም የዚያው ውሃ ሥራ ነው። አፈሩን ኖራማ ስለሚያደርገው ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል። ኮምፖስት ጨምሩ፤ ዝናብ ሲመጣ የጣራ ውሃ አጠራቅማችሁ አጠጡ። የምድጃ አመድ ግን በጭራሽ! እናቴ «አመድ ያፋፋል» ብላ በየሳምንቱ ትበትን ነበር። አመድ ኖራማነቱን ያባብሰዋል።

ቅጠሉ ተጨማደደ

ገልብጣችሁ እዩት። ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ካለበት የኒም ዛፍ ቅጠል ወቅጣችሁ ውሃ ውስጥ አሳድሩ፣ አጥልላችሁ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበትና ማታ ማታ ርጩት። ኒም እንደሆነ ድሬ ላይ ሞልቷል። ነጭ ዝንብ ብን ብሎ ከተነሳ፣ ቲማቲሙም ቀጭጮ ቅጠሉ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ግን ቫይረስ ነው፤ ነቅላችሁ አስወግዱት።

ሰላጣው መረረ

ሙቀት አስቸኩሎት አገዳ አወጣ ማለት ነው። ከህዳር እስከ ጥር፣ ማንጎ ጥላ ሥር ሞክሩት። በቀረው ጊዜ ሰላጣን ለሐረር ተዉላት፤ እሷ ከኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። እናንተ ሙቀት የሚወደውን ባሚያ ዝሩ።

ባሚያው ይዝለገለጋል

የኛ ቤት የመጨረሻው ጭቅጭቅ ይሄ ነበር። ዝልግልጉ ውሃ ሲያገኝ ይባዛል፤ እኛ ደግሞ ከትፈን ነበር የምናጥበው። ሳይቆረጥ እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ክተፉት። በጋለ ዘይት ሰፋ ባለ መጥበሻ፣ ሳትከድኑ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። ከዚያ ከቲማቲሙ ጋር በተቁላላው ሽንኩርት ላይ ጨምሩት፤ ስታወጡት ሎሚ ጭመቁበት። ጨው መጨረሻ ላይ።

ከጣት የረዘመው ባሚያ ደግሞ ቃጫ የበዛበት ነው፤ ምንም ብትቀቅሉት አይበስልም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ልቀሙ። ያመለጣችሁን እዚያው ተክሉ ላይ ተዉት፣ ሲደርቅ ለዘር ይሆናል።