የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ፍጻሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመለከቱ

በእግር ኳስ ፍቅር ላደገ ተመልካች የአሜሪካ ፉትቦል መጀመሪያ ላይ ግራ ቢያጋባም፣ አንድ ጥሩ የፍጻሜ ጨዋታ መርጦ ቅጂውን በጥሞና ማየት ደንቡን ከመሸምደድ ይበልጥ ያስተምራል። እኔ የምመርጠው ተቀናቃኞቹ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አላባማና ጆርጂያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አትላንታ ያደረጉትን ነው።

ከሁሉ አስቀድመው በስክሪኑ ግርጌ የሚታዩትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ ይልመዱ። የመጀመሪያው ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ስንት ያርድ እንደቀረ ይናገራል፤ አጥቂው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባልና። ተችዳውን (ኳሱን በተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ወዳለው ክልል ማድረስ) 6 ነጥብ፣ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የሚያልፍ ምት ደግሞ 3 ነጥብ ያስገኛል።

ቀጥሎ አሰልጣኞቹን ይከታተሉ። የጆርጂያው ከርቢ ስማርት ቀደም ሲል፣ በጨዋታው ጊዜ የአላባማ አሰልጣኝ በነበረው ኒክ ሳባን ሥር የሠራ በመሆኑ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ያውቅ ነበር። ሳባን ቡድኑ እስከ እረፍት በጆርጂያ 13 ለ 0 ከተመራ በኋላ ኳርተርባኩን (ጥቃቱን የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች) ቀይሮ ወጣቱን ቱዋ ታጎቫይሎአን ማስገባቱ፣ በእኔ እምነት፣ የጨዋታው ትልቁ ውሳኔ ነበር።

ተጨማሪው ሰዓት ላይ ሲደርሱ ቅጂውን ቀስ አድርገው ያጫውቱት። ጆርጂያ በ51 ያርድ ምት 23 ለ 20 መራ። ታጎቫይሎአ በመጀመሪያው ሙከራ ተይዞ 16 ያርድ ስላጣ፣ በ2ኛው ሙከራ የቀረው 26 ያርድ ሆነ። እዚህ ላይ የኳርተርባኩን ዓይን ይመልከቱ፤ ወደ ቀኝ በማየት የኋላውን ተከላካይ ካዘናጋ በኋላ፣ በግራ መስመር ለሚሮጠው ዴቮንታ ስሚዝ አሻግሮ በ41 ያርድ ተችዳውን ጨዋታውን 26 ለ 23 ደመደመው።