ዶርም ወይስ ውጭ ተከራይቶ? በፋይናንሽያል ኤይድ ለሚማር ተማሪ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል

አሜሪካ ውስጥ ልጁ ኮሌጅ የገባ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ዶርሙ ውድ ነው፤ ለምን ውጭ አይከራይም?» እኔም ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደዚሁ አስቤ ወጣሁ። ሒሳቡን ግን ተሳስቼ ነበር። ዛሬ ብሠራው እንዲህ ነው የምሠራው።

1. የትምህርት ቤቱን ግምት አውጡ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የዓመት ወጪ ግምት ያወጣል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቁጥር አለው፦ ካምፓስ ውስጥ ለሚኖር፣ ውጭ ለሚከራይ እና ከወላጅ ጋር ለሚኖር። ጠቅላላ ኤይዳችሁ (የማይመለሰው ግራንትና ስኮላርሺፕ፣ እንዲሁም ሎን ማለትም ብድር ተደምሮ) ከዚህ ግምት ማለፍ አይችልም። ከ2024-25 ጀምሮ ፋፍሳ (የፌደራል ኤይድ ማመልከቻው) ላይ የት እንደምትኖሩ አይጠየቅም። ስለዚህ ሐሳብ ከቀየራችሁ ለኤይድ ቢሮው ራሳችሁ ንገሩ።

2. ወሩን እኩል አድርጉ። ዶርም ብዙውን ጊዜ ለ9 ወር ያህል ነው። የውጭ ኪራይ ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ12 ወር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በምሳሌ እንየው። ዶርሙ ከነምግቡ ለ9 ወር 13,500 ዶላር ነው እንበል። በወር 1,500 ማለት ነው። ውጭ ኪራይ 850፣ መብራትና ኢንተርኔት 120፣ ምግብ 350፣ ትራንስፖርት 100 ከሆነ በወር 1,420 ይመጣል። በወር 80 ዶላር የተረፈ ይመስላል። ግን ሰመር ላይ ወደ ቤተሰብ ከሄዳችሁ ባዶውን ክፍል ለ3 ወር ትከፍሉበታላችሁ፤ ሌላ 2,550 ዶላር። ከ9 ወሩ 12,780 ጋር ድምሩ 15,330 ሆነ። አልጋና ድስት ገና አልገዛንም።

በተቃራኒው ሰመርን እዚያው ከተማ እየሠራችሁ የምታሳልፉ ከሆነ፣ የ3 ወሩን ማደሪያ ዶርሙ ላይም መደመር አለባችሁ። ያኔ ውጭ መኖሩ ሊያዋጣ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የኪራይ ማስያዎች ይህን ልዩነት ላያውቁላችሁ ይችላሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላል።

3. ብሩ መቼ እጃችሁ እንደሚገባ አስሉ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው።

ዶርም ስትኖሩ ትምህርት ቤቱ ሒሳቡን ከኤይዱ ላይ ራሱ ይቀንሳል። እናንተ ብሩን አታዩትም። ውጭ ከሆናችሁ ግን ኤይዱ መጀመሪያ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ የተረፈው ነው ሪፈንድ ሆኖ የሚመጣላችሁ። በፌደራል ሕግ የአንድ ሴሚስተር ኤይድ፣ ክፍል (ትምህርት) ከመጀመሩ ከ10 ቀን በፊት ቀድሞ አይለቀቅም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ትርፉን ለመስጠት 14 ቀን አለው፤ ክፍል ሳይጀመር የተረፈ ከሆነ 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ክፍል ከተጀመረበት ቀን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሎን የሚወስድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ሎኑን ለማግኘት ክፍል ከተጀመረ 30 ቀን ሊጠብቅ ይችላል።

አከራዩ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። እኔ ኦገስት 1 ላይ ቁልፍ ስቀበል የመጀመሪያ ወር ኪራይና ዲፖዚት (ማስያዣ) ተጠየቅኩ። ሴፕቴምበር 1 ሌላ ኪራይ መጣ። ሪፈንዱ ግን አልመጣም። የትምህርት ቤቱ ፖርታል (የተማሪ ድረ ገጽ) ላይ የባንክ ቁጥሬን ስላላስገባሁ በቼክ ተልኮ ነበር፤ ያውም ወደ ድሮው ዶርሜ አድራሻ። አክስቴ በዚያ ሳምንት የደረሳትን ዕቁብ ባትሰጠኝ ኖሮ ከቤቱ እወጣ ነበር። ብሩን ስትቆጥርልኝ ለራሷ ምን ልትገዛበት አስባ እንደነበር አልነገረችኝም፤ እኔም መጠየቅ አፈርኩ።

ስለዚህ ዲፖዚቱንና የ2 ወር ኪራይ በእጃችሁ ሳትይዙ አትፈርሙ። የባንክ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ አስገቡ። ሪፈንዱ የአራት ወር ቀለብና ኪራይ መሆኑንም አትርሱ። አንዴ ሲገባ ብዙ ይመስላል።

4. ከኤይዱ ምን እንደሚቀነስ በጽሑፍ ጠይቁ። ፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ የፌደራል ድጋፍ፤ የ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር) ከዶርም ስለወጣችሁ ብቻ በአብዛኛው አይቀንስም። የትምህርት ቤቱ የራሱ ግራንት ግን ሊቀንስ ይችላል፤ በተለይ ከወላጅ ጋር ለመኖር ከወሰናችሁ። ዶርም ለሚኖር ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕም አለ። ኢሜይሉ ረጅም መሆን የለበትም፦ «ከካምፓስ ብወጣ የትኛው ግራንት በስንት ይቀንሳል?»

ታክሱንም አስቡ። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለ ግራንት ታክስ የለበትም። ለኪራይና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል።

5. ውሉን አንብቡ። ከጓደኞቻችሁ ጋር በአንድ ውል ከፈረማችሁ፣ አንዱ ጥሎ ቢሄድ አከራዩ የእሱንም ድርሻ ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። ከተገኘ ለየክፍሉ ለብቻው የሚፈረም ውል ምረጡ። ሰመር ላይ ለሌላ ሰው ማከራየት ይፈቀድ እንደሆነም እዩ።

የዶርም ውላችሁን የምትሰርዙት የኤይድ ቢሮው መልስ ከመጣ በኋላ ነው። መሰረዣው ቀን ካለፈ ቅጣት ሊኖረው ይችላልና ኢሜይሉን ቀደም ብላችሁ ላኩ።