ድመቷን አትምቷት፣ ቤቱን አስተካክሉት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባናና ጋቢ እሸጣለሁ። ሱቄ ውስጥ ቡላ የምትባል ድመት አለች። ደንበኛ ገና ዋጋ ሳይጠይቅ እሷን ያይና ስለ ራሱ ድመት ያወራኛል። አንዱ «የኛዋ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚነካት እንጃ» ይላል። ሌላዋ «ዓይን ዓይኔን እያየች ሲኒ ትጥላለች» ትላለች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ምን ባደርጋት ትተዋለች?

ዱላ አይሠራም። ድመት ስትመታ የምትማረው እናንተን መሸሽ ብቻ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚባለው ለሰው ሽሙጥ ነው፤ ስለ ድመቷ ከሆነ ግን ሐቅ ነው። አመሏ አይለቃትም። የሚወጣበትን ቦታና ሰዓት ግን እኛ መምረጥ እንችላለን። ስለዚህ ከመቆጣታችሁ በፊት እስቲ ልብ በሉ፦ መቼ ነው የምታደርገው? የት? እናንተስ ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

ከራሴ ዕቃ ልጀምር። ባና ከመንዝ በግ ሱፍ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ቡላ አዲስ ባና ስታገኝ ሊጥ እንደምታቦካ ሴት የፊት እግሮቿን እያፈራረቀች ትጫነዋለች። ዓይኗ ይከደናል፣ ደረቷ ኩርርር ይላል፣ አንዳንዴም ለሃጯ ይዝረበረባል። ይህ የጡት ጊዜ ልማድ ነው። ግልገል ድመት ወተት እንዲወርድላት የእናቷን ጡት እንዲህ ነው የምትጫነው። ካደገች በኋላም ሲሞቃትና ሲደላት ይመጣባታል። መዳፏ ሥር ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች ስላሉ፣ በዚያው ባናውን «የኔ ነው» ብላ እየፈረመችበት ነው። የምከፍለው እኔ ብሆንም።

አንዳንዷ ደግሞ ከመጫን አልፋ ሱፉን ትጠባለች፣ ታኝካለች። ይህ ብዙ ጊዜ ያለ ጊዜያቸው ከእናታቸው በተለዩ ድመቶች ላይ ይታያል። እኛ ጋ ግልገሏ ዓይኗ ከተገለጠ በካርቶን አድርጎ ለጎረቤት ማደል የተለመደ ነው። እባካችሁ ቢያንስ ሁለት ወር ከእናቷ ጋር ትቆይ። ልማዱ ከያዛት ግን የራሷ የሆነ አሮጌ የባና ቁራጭ ስጧት። የምትወደው ቦታ ላይ አንጥፉላት፣ ጥሩውን ባና አጥፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ፀጉሯ የተጣበቀበትን በእርጥብ የላስቲክ ጓንት ጠረግ ጠረግ ብታደርጉት ተጠቅልሎ ይነሳል። ክር እየነጨች የምትውጥ ከሆነ ግን ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ ክር አንጀት ያሸበሽባል፣ ይዘጋልም። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ እንዳትጎትቱት። ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

የብዙው እንቆቅልሽ መልስ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድመት ደግሞ ሰውነቷን ለማሞቅ ሳትደክም የምትኖረው ሙቀቱ ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ነው። እኛን ላብ በላብ የሚያደርገን ለእሷ ልክ ነው ማለት ነው። ታዲያ ገና ያልበረደ ምጣድ አክንባሎ ላይ ብትወጣ፣ ምድጃ ሥር ገብታ ጺሟን ብታስለበልብ፣ የላፕቶፕ ቁልፍ ላይ ብትተኛ ምን ይገርማል? ቆላው ሸዋ ሮቢት ያለችው የእህቴ ድመት እኮ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተዘርራ ነው የምትውለው። የጣርማበርን ዳገት ወደ ቆላው ስትወርዱ የድመቱም ጠባይ አብሮ ይወርዳል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የዘይት ወይም የፓስታ ካርቶን ፈልጉ፣ ውስጡ ሱፍ ነገር አንጥፉ፣ ከበር ንፋስ ራቅ አድርጋችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ድመት ካርቶን የምትወደው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ጀርባዋና ጎኗ ተሸፍኖ በአንድ በኩል ብቻ ስለምታይ ልቧ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት፣ መጠለያ ከገቡ ድመቶች መካከል መደበቂያ ሣጥን የተሰጣቸው ቶሎ እንደተረጋጉ አሳይቷል። ውድ አልጋ ገዝታችሁላት የመጣበት ካርቶን ውስጥ ብትተኛ አትቀየሟት። መኪና ያላችሁ ደግሞ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን መታ መታ አድርጉ። ሞተር ሥር ሙቀት ፈልጋ የገባች ልትኖር ትችላለች።

ወደ ሌሊቱ ሩጫ ልምጣ። ድመት በተፈጥሮዋ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ የምታድን እንስሳ ናት። ቀኑን ተኝታ ውላ እኛ ጋደም ስንል ጉልበቷ ይነሳል። አልጋ ላይ ትዘላለች፣ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን ትነጉዳለች። ከመተኛታችሁ በፊት ጨርቅ በገመድ አስራችሁ መሬት ላይ እየጎተታችሁ አሯሯጧት። መጨረሻ ላይ ትያዘው። ካልያዘችው ትናደዳለች። ወዲያው እራቷን ስጧት። አድና፣ ይዛ፣ በልታ፣ ፊቷን ልሳ ትተኛለች። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። እራቷን አስቀድማችሁ ብታበሏት ገና ሳትሮጥ ጠግባ፣ ሩጫውን ለሌሊት ታቆየዋለች።

ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ የምትቀመጠውስ? ጎረቤታችን ያሉ እናት «አንተ ልጅ፣ ይቺ ድመት የምታየው ነገር አለ፤ ጠበል ርጭባት» ይሉኛል። ጠበሉን አልከለክልም። ግን መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኩ። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ድመት ከ60 ሺህ በላይ ትሰማለች። አይጦች እርስ በርስ የሚያወሩበት ቀጭን ድምፅ ለእኛ ዝም ያለ ቤት ነው፣ ለእሷ ግን ገበያ ነው። ጭቃ ቤት ከሆነ ቀዳዳውን ፈልጉና ድፈኑ። የአይጥ መርዝ ግን ድመት ባለበት ቤት አታስቀምጡ። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ራሷም ልትመረዝ ትችላለች።

የያዘችውን አይጥ አምጥታ ጫማችሁ ላይ ስታስቀምጥ ደግሞ አትጩኹባት። ያደነችውን ደህና ነው ወደምትለው ቦታ ማምጣት ልማዷ ነው። በላስቲክ አንስታችሁ ጣሉ፣ አበቃ።

ሲኒ ጣይዋን እንመልከት። ቡና ተፈልቶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ወሬው ሲደምቅ ትመጣለች። አንዷን ሲኒ በእግሯ ነካ፣ ነካ። ታያችኋለች። እንደገና ነካ። ቤተሰቡ በሙሉ «አንቺ! ተይ!» ብሎ ይነሳል። በቃ፣ አሸነፈች። እስከዚያ ማንም ዞር ብሎ አላያትም ነበር። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የአዳኝ እግር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሕይወት ይኑረው አይኑረው መፈተሽ። በኋላ ግን ሰው መጥሪያ ደወል ያደርጉታል። ስለዚህ ስትነካካ ዝም በሏት፣ ሲኒውን ያለ ንግግር አንሱ። ጸጥ ብላ ስትቀመጥ ነው ስሟን ጠርታችሁ የምታሻሿት። ለጥቂት ቀን ይብስባታል፤ ደወሉ ተበላሸ ብላ ደጋግማ ትሞክራለች። ታገሡ።

ከሁሉም የምከራከርበት የጾም ነገር ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋም ወተትም ከቤት ይጠፋል። «ቤቱ ሲጾም እሷም ትጹም» የሚል አለ። ድመት አትጾምም። ሰውነቷ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይታመማል። ሽሮ በእንጀራ አይተካውም። ያን ሰሞን ሌማት የምትገለብጠው፣ የጎረቤት ጓዳ የምትገባው ሌብነት ይዟት ሳይሆን ርቧት ነው። ሉካንዳዎች ሳይዘጉ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ትንሽ ቋንጣ አድርቁላት፤ ዓሣም ከተገኘ ስጧት። የተቀቀለ እንቁላል ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የፍስክ ቀንም ቢሆን የወጥ ትርፍራፊ አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ እኛ ቤት ደግሞ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ የለም ማለት ይቻላል። ወተትም ለብዙ ያደጉ ድመቶች ተቅማጥ ነው። ውኃ ይበቃቸዋል።

ለመግባባት የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ፈንጠር ብላችሁ ተቀመጡና ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፈን፣ ቀስ ብላችሁ ገለጥ አድርጉላት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሥራ፣ ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው ሰው መልሰው እንደሚያደርጉና ወደ ተዘረጋ እጅ ለመቅረብ እንደሚደፍሩ አሳይቷል። አፍጥጦ ማየት ግን ለእነሱ ጠብ ነው። ድመት የማይወድ እንግዳ ጭን ላይ ሄዳ የምትወጣውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እሱ ነዋ ያላፈጠጠባት! ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ከመጣች ሰላምታ ነው። ጅራቷ ግራ ቀኝ ከተወራጨ ተዋት። ተገልብጣ ሆዷን ስታሳያችሁ አምናችኋለች ማለት ነው እንጂ ንኩኝ ማለቷ አይደለም፤ ልጆች የሚቧጨሩት እዚህ ላይ ነው። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል። የመከላከያ ክትባቷን አስከትቡ።

ለሽንት ቤቷ አሸዋ ካጣችሁ የበረደ የምድጃ አመድ ይሠራል። በየቀኑ ጥረጉት፤ ከቆሸሸባት አልጋችሁ ላይ ነው የምታደርገው። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከውጭ ከጀመረች ግን ታማ እንደሆነ ጠርጥሩ። በተለይ ወንድ ድመት እየተመላለሰ እያማጠ ሽንት ጠብ የማይለው ከሆነ ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሳትሉ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ኩርርር ማለቱም አያታላችሁ፣ ሲያማቸውም ይላሉ።