ናሙናችሁን ከኒውትሮን ጣቢያ ስታወጡ

ሥራዬ በኒውትሮን ምርምር ጣቢያ የጨረር መከላከል ነው። ተመራማሪዎች ሙከራቸውን ሲጨርሱ «አሁን ይዤው ልሂድ?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። መልሴ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። መቼ እንደሆነ የሚወስነው ግን ናሙናው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር እንጂ የበረራ ሰዓት አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከሙከራው በፊት ነው። ናሙናችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ በግራም ጻፉልኝ። ቀመሩ ብቻ አይበቃኝም። አብሮ የገባውን ጥቂት ባዕድ ንጥረ ነገርም እፈልጋለሁ። ኒውትሮን የሚውጡ አተሞች ብዙ ጊዜ ራዲዮአክቲቭ ይሆናሉ፣ ማለትም ጨረር ይረጫሉ፤ አንዳንዱ ንጥረ ነገር ደግሞ በጣም ጥቂት ሆኖም ለዓመታት ጣጣ ያመጣል። መያዣውንም አትርሱ። የአሉሚኒየም ጣሳው ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርድ (ጨረሩ ይጠፋ) ይሆናል፤ የማይዝግ ብረት ብሎኑ ውስጥ ያለው ጥቂት ኮባልት ግን አይበርድም።

ቀጥሎ ስሌት ነው። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) ለዚህ የሚሆን ነፃ ማስሊያ በኢንተርኔት አስቀምጧል። ቅንብሩን፣ ክብደቱን፣ የኒውትሮኑን ብዛትና የሙከራውን ሰዓት ታስገቡለታላችሁ።

ይህን ስሌት ለምን አጥብቄ እንደምጠይቅ በምሳሌ ላሳያችሁ። በሰከንድ በየካሬ ሴንቲሜትሩ 10 ሚሊዮን ቴርማል (ፍጥነቱ የቀነሰ) ኒውትሮን በሚያርፍበት ቦታ አንድ ግራም ማንጋኒዝና አንድ ግራም ኮባልት ለአንድ ቀን እናስቀምጥ። ማንጋኒዙ ሲወጣ ወደ 1.5 ሚሊዮን ቤክሬል (በሰከንድ የሚፈርሱ አተሞች ቁጥር) ይኖረዋል። ከኮባልቱ የሚመጣው ኮባልት 60 (ቁጥሩ የአተሙን ዓይነት፣ ማለትም አይሶቶፑን ይለያል) 1,400 ገደማ ብቻ። በዚያ ሰዓት የጨረር ቆጣሪ ብታስጠጉ የሚያስደነግጣችሁ ማንጋኒዙ ነው። ግን የማንጋኒዝ 56 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ) 2.6 ሰዓት ያህል ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ አራት ቤክሬል ገደማ ይቀረዋል። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ከሁለት ቀን በኋላም፣ ከሁለት ወር በኋላም ያው 1,400 ገደማ ነው። ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት አንዴ ከጨበጡ ከእኔ ጋር መከራከር ያቆማሉ።

ስለዚህ ጠብቁ። አሥር ግማሽ ዕድሜ ካለፈ የሚቀረው አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ለመዳብ 64 (12.7 ሰዓት) እና ለሶዲየም 24 (15 ሰዓት) ሳምንት ይበቃል። ወርቅ 198 (2.7 ቀን) ወር ገደማ ይፈልጋል። ብር 110 ኤም (250 ቀን) ወይም ዩሮፒየም 152 (13.5 ዓመት) ካለ መጠበቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ገና ከጅምሩ ሌላ እቅድ ያዙ።

ከዚያ ልኬት። መጀመሪያ የአካባቢውን የተፈጥሮ ጨረር ለኩ፣ ከዚያ ናሙናውን። ቆጣሪው ዝም አለ ማለት ግን ናሙናው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሊቲየም 6 ኒውትሮን ሲውጥ ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) ይወጣዋል፤ የትሪቲየም ቤታ ጨረር በጣም ደካማ ስለሆነ ተራው የጋይገር ቆጣሪ አያየውም። ከድኝ የሚመጣው ሰልፈር 35ም ጋማ ጨረር የለውም፣ ቤታውም ደካማ ነው። ለእነዚህ ስሌቱን እመኑ፣ ገጹን ጠርጋችሁ የወሰዳችሁትንም በፈሳሽ ሲንቲሌሽን (ደካማ ቤታን በብርሃን ብልጭታ በሚቆጥር ዘዴ) አስለኩ። ጋማ ያላቸውን ደግሞ የጀርማኒየም መመርመሪያ በስም ለይቶ ይነግራችኋል። ዱቄት ከሆነ ጣሳውን እንዲሁ አትክፈቱ! ጠጣር ቁራጭ እጅ ላይ አይቀርም፣ ዱቄት ግን ይበናል፣ ወደ ሳንባም ይገባል።

አሁን ውሳኔው። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው፤ አንድ ናሙና በአንዱ ሕግ ነፃ ሆኖ በሌላው ላይሆን ይችላል። የዓለም አቀፉን የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቁጥሮች እንይ። ለኮባልት 60 የማጓጓዣ ነፃ ወሰን በግራም 10 ቤክሬል ወይም በጠቅላላው 100,000 ቤክሬል ነው። ከሁለቱ በአንዱ በታች መሆን ይበቃል። ያ የ1,400 ቤክሬል ቁራጭ በጠቅላላው ከወሰኑ በታች ስለሆነ በማጓጓዣ ሕግ እንደ ራዲዮአክቲቭ ዕቃ አይታይም። ከቁጥጥር ሙሉ በሙሉ ለመልቀቅ ግን ወሰኑ በግራም 0.1 ቤክሬል ነው፤ በዚህ ሲለካ ከ10,000 እጥፍ በላይ ያልፋል። በመንገድ ነፃ ቢሆንም ላቦራቶሪ ስትደርሱ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። የአገራችሁ ሕግ ሌላ ቁጥር ካለው ደግሞ የሚሠራው እሱ ነው። ብዙ አይሶቶፕ ካለ እያንዳንዱን ለወሰኑ አካፍሉና ደምሩ፤ ድምሩ ከአንድ መብለጥ የለበትም።

ከማጓጓዣው ወሰን በላይ ከሆነ በሻንጣ አይኬድም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ናሙና ዩኤን 2910 (ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ዕቃ የያዘ ፓኬጅ የመላኪያ ቁጥር) በሚባለው መደብ ይላካል፤ በፓኬጁ ገጽ ላይ ያለው ጨረር በሰዓት ከ5 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) መብለጥ የለበትም። ተቀባዩ ፈቃድ እንዳለው ሳላረጋግጥ እኔ አልልክም። የእናንተን የጨረር ደኅንነት ኃላፊ ከሙከራው በፊት አነጋግሩ፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ መንገር እሱንም እናንተንም ያስጨንቃል።

ጣሳው ላይ የሚለጠፈውን በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፦ የአይሶቶፑ ስም፣ ቤክሬሉ፣ የተለካበት ቀንና ሰዓት፣ የባለቤቱ ስም። በተለይ ቀኑ። ቀን የሌለው ቤክሬል ከሁለት ዓመት በኋላ መደርደሪያ ላይ ለሚያገኘው ሰው ምንም አይነግረውም።