የጸደይ ውርጭ ጊዜውን መለወጡን እንዴት እንለካ?

ከአንድ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ቢያንስ የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝቅተኛ ሙቀት ይውሰዱ። በየዓመቱ በጸደይ ሙቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች የወረደበትን ቀን ይመዝግቡ። ጣቢያው ቦታ ቀይሮ ከሆነ ሁለቱን መዝገቦች አይቀጥሏቸው፤ ቀዝቃዛ አየር ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሚተኛ የውሸት ለውጥ ይታያል።

ውርጩ ቀድሞ ማብቃቱ ብቻውን አያስተማምንም፤ የፍራፍሬ ዛፉ አበባም ቀድሞ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ዛፉ ካበበበት ቀን ላይ የመጨረሻውን ውርጭ ቀን ይቀንሱ። ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ከጠበበ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ አደጋው ጨምሯል። ሙሉ በሙሉ ያበበ ፖም በ-2 ዲግሪ አካባቢ መጎዳት ይጀምራል፤ በ-4 አብዛኛው አበባ ይሞታል። ውርጭ በጣለ ማግስት አበባውን በምላጭ ሰንጥቀው ይዩት፦ ዙሪያው ነጭ ሆኖ መሃሉ ከጠቆረ ፍሬ አይዝም።