የተጠቃሚ ጥናት ዘዴ እንዴት ይመረጣል?

አፕ ወይም ዌብሳይት የሚሠሩ ቡድኖች «እስቲ ተጠቃሚዎቻችንን እንጠይቅ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣላቸው መጠይቅ ነው። ፎርም ማዘጋጀት ቀላል ነው። ሊንኩን በቴሌግራም መልቀቅ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። መልሱ በግራፍ ተስሎ ሲመጣ ትልቅ ነገር የታወቀ ይመስላል። ግን መጠይቅ በደንብ የሚመልሰው ጥቂት ዓይነት ጥያቄ ነው። ሰው የቱ ጋ ግራ እንደገባው፣ ለምን ትቶ እንደወጣ፣ እናንተ ያላሰባችሁት ምን ችግር እንዳለበት አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ወራት የሚፈጅ ሥራ መጀመር ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ትክክለኛውን ዘዴ መምረጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

1. መጀመሪያ የምትወስኑትን ጻፉ

ዘዴ ከማሰባችሁ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ጨርሱ፦ «ይህ ጥናት ሲያልቅ የምንወስነው...»። መጨረስ ካቃታችሁ ጥናቱ ገና ነው። «ተጠቃሚዎቻችንን በደንብ ማወቅ እንፈልጋለን» ምኞት ነው። «መመዝገብ ከጀመሩት ብዙዎቹ ስልክ ቁጥር የምንጠይቅበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ይወጣሉ፤ ገጹን እናስተካክለው ወይስ ጭራሹን እናውጣው?» ግን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

ሌላም ነገር ፈትሹ። መልሱ ይህም ሆነ ያ የምታደርጉት ነገር ያው ከሆነ ጥናቱን ተዉት። አለቃ አስቀድሞ የወሰነውን ለማጽደቅ ብቻ የሚደረግ ጥናት ጊዜ ማባከን ነው፣ የተሳታፊዎቹንም ጭምር።

2. የጥያቄውን ዓይነት ለዩ

ሁለት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ማወቅ የምትፈልጉት ሰዎች የሚሉትን ነው ወይስ የሚያደርጉትን? ጥያቄያችሁስ «ለምን» ነው ወይስ «ስንት»? በዘርፉ የታወቀው ክርስቲያን ሮረር ዘዴዎቹን የደረደረበት ሥዕል በዋናነት በእነዚህ ሁለት መለያዎች ላይ የቆመ ነው። ቃለ መጠይቅ የሚሉትንና ለምን እንደሚሉ ያሳያል። መጠይቅ የሚሉትን ይቆጥራል። ሰው ምርቱን ሲጠቀም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት የሚያደርገውንና ምክንያቱን ያሳያል። የአጠቃቀም ዳታ (ሰዎች ምን እንደነኩና የት እንደወጡ አፑ ራሱ የሚመዘግበው) እና ኤ/ቢ ቴስት (ሁለት አማራጭ ለተለያዩ ተጠቃሚዎች አሳይቶ ማወዳደር) የሚያደርጉትን ይቆጥራሉ።

ይህ መለያ ሲዘለል ምን እንደሚመጣ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ኮካ ኮላ በ1985 እ.ኤ.አ. የመጠጡን ጣዕም ከመቀየሩ በፊት ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው አቅምሷል። አዲሱ ጣዕም አሸነፈ፣ የድሮውም ከገበያ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ስልኩና ደብዳቤው ጎረፈ። አዲሱ ይፋ በሆነ በ79ኛው ቀን ኩባንያው የድሮውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ቅምሻው የጠየቀው «የትኛው ይጣፍጣል?» ብሎ ነበር። ኩባንያው የወሰነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ለዓመታት የለመዱትን መጠጥ ከገበያ ማውጣት። ለዚያ ውሳኔ የቅምሻ ሙከራ፣ ተቀማሹ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ መልስ የለውም።

3. ምርቱ የት ደርሷል?

ገና ምንም ካልተሠራ የሚያዋጣው ቃለ መጠይቅና ምልከታ ነው። ንድፍ ላይ ከሆናችሁ ረቂቁን፣ በወረቀት የተሳለም ቢሆን፣ ለሰው ሰጥታችሁ ሞክሩ። ምርቱ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ ዳታ አላችሁ፤ ከእሱ ጀምሩ። ደንበኞች የሚያቀርቡትን አቤቱታ የሚቀበሉ ባልደረቦቻችሁንም አነጋግሩ። ብዙ ቡድን ይህን ይረሳዋል፤ ነፃ ጥናት እኮ ነው።

4. ዘዴውን ከጥያቄው ጋር አገናኙ

«ሰዎች ምን ችግር አለባቸው? አሁን እንዴት ይወጡታል?» ከሆነ ጥያቄው፣ ቃለ መጠይቅ። ስለ ወደፊቱ ግን አትጠይቁ። «እንዲህ ያለ አፕ ቢኖር ትጠቀሙበታላችሁ?» ለሚል ሰው መልሱ «አዎ፣ በጣም አሪፍ ነው» ነው። ይሉኝታ አለ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የለፋችሁበትን ሥራ አይረባም የሚል ጥቂት ነው። ይልቅ ያለፈውን አስተርኩ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ይህ የገጠማችሁ መቼ ነው? እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ።» ያለፈውን ሲያወሩ ዝርዝር ይመጣል፤ ማንን ደውለው እንደጠየቁ፣ ምን ሞክረው እንደተዉ። ችግሩን ለመፍታት ምንም ሞክረው የማያውቁ ከሆነም እሱ ራሱ ትልቅ መልስ ነው።

ነገሩ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልማድ፣ ተሳታፊዎች በየቀኑ አጭር ማስታወሻ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። የሜኑው አደረጃጀት ከሆነ ያስቸገራችሁ፣ የያንዳንዱን ክፍል ስም በካርድ ላይ ጻፉና ሰዎች በራሳቸው አስተሳሰብ እንዲመድቡት ስጧቸው።

«ሰው ይህን መጠቀም ይችላል?» ከሆነ ጥያቄው፣ የአጠቃቀም ሙከራ። አንድ ዘዴ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ለተሳታፊው ሥራ ስጡት፦ «በዚህ አፕ ተመዝገብና ለጓደኛህ 100 ብር ላክ።» እያሰበ እንዲናገር ጠይቁት። ከዚያ ዝም በሉ። ከባዱ ዝምታው ነው። ተሳታፊው አንድ ገጽ ላይ ይቆማል። አውራ ጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። የሚነካ ቁልፍ (button) ያልሆነ ነገር ይነካል፤ ምንም አይመጣም፣ ደግሞ ይነካል። ከዚያ ቀና ብሎ ያያችሁና «እዚህ ነው እንዴ የምነካው?» ይላል። ልትነግሩት ትፈልጋላችሁ። አትንገሩት። «እኔ ባልኖር ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር የመጣችሁበት መልስ ነው። ደግሞም በግልጽ ንገሩት፤ እየተፈተነ ያለው አፑ ነው፣ እሱ አይደለም። ይህን ካልሰማ ስህተቱን ሁሉ በራሱ ያላክካል።

«ከሁለቱ የትኛው የተሻለ ይሠራል?» ከሆነ፣ ኤ/ቢ ቴስት። ግማሹ ተጠቃሚ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ያያል። የትኛው እንዳሸነፈ ይነግራችኋል፤ ለምን እንዳሸነፈ አይነግራችሁም። ብዙ ሰውም ይፈልጋል። አሁን ከመቶ 5 ሰው ምዝገባ የሚጨርስ ከሆነና ወደ 6 ማደጉን በተለመደው የስታቲስቲክስ መለኪያ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ በየወገኑ 8 ሺህ ገደማ ሰው ያስፈልጋችኋል። በወር 500 ሰው ለሚጎበኘው ዌብሳይት ይህ ዘዴ አይሆንም፤ ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

መጠይቅስ? ምን እንደምትቆጥሩ ካወቃችሁ በኋላ ጥሩ ነው። በቃለ መጠይቅ ሦስት ችግር ደጋግማችሁ ከሰማችሁ፣ የትኛው ይበልጥ እንደተስፋፋ በመጠይቅ ለኩ። አማራጮቹንም ራሳቸው ሰዎቹ በተናገሩበት ቃል ጻፏቸው።

5. ስንት ሰው ይበቃል?

በዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ የሚነሳው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚቀላቀሉ ነው። ችግር ፈልጎ ለማግኘት ጥቂት ሰው ይበቃል። የአጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት አንድ ተሳታፊ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን የአጠቃቀም ችግር ያጋልጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር የሚጋራው ስላለ አዲስ የሚጨምረው ያንሳል፣ ሦስተኛው ይበልጥ ያንሳል። አምስት ላይ ሲደረስ 85 በመቶ ገደማ ይታያል። ስለዚህ 15 ሰው ካላችሁ አንዴ አትጨርሷቸው። በአምስት ሞክሩ፣ አስተካክሉ፣ በሌላ አምስት ደግማችሁ ሞክሩ። ልብ በሉ፣ አምስት የሚባለው ለአንድ ዓይነት ተጠቃሚ ነው። ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት አፕ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ሞክሩ። ችግሩም በጣም ረቂቅ ከሆነና ጥቂት ሰው ብቻ የሚገጥመው ከሆነ አምስት ሰው ላያሳየው ይችላል።

ለመቁጠር ግን ብዙ ሰው ያስፈልጋል። 100 ሰው የመለሰው መጠይቅ ወደ 10 የመቶኛ ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት ይችላል፤ 400 ሰው ወደ 5፣ 1,000 ሰው ወደ 3። ይህም ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ ከሆነ ነው። ከቻናላችሁ ተከታዮች የሚመጣው መልስ የወዳጆቻችሁ መልስ ነው፤ ቁጥሩ 5,000 ቢደርስም አፑን ጠልቶ ያጠፋው ሰው አልተጠየቀም።

6. ማንን ትጠይቃላችሁ?

ባልደረባ፣ ወንድም፣ ጓደኛ አይሁኑ። ከእናንተ ጋር አብረው አፑን ሲያዩ የከረሙ ሰዎች መንገዱን ያውቁታል። ድምፅ ወይም ስክሪን የምትቀዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅጂውን ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋም ንገሯቸው።

7. ሁለት ዘዴ አቀናጁ

ወደ ስልክ ቁጥሩ ገጽ እንመለስ። ዳታው ሰዎች የሚወጡት እዚያ ጋ መሆኑን አሳይቷል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። አምስት ሰው ጠርታችሁ ሲመዘገቡ አየት አድርጉ። ምናልባት ወደ ስልካቸው የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ስለሚዘገይ ይሆናል፣ ምናልባት ቁጥሩ ለምን እንደተፈለገ አልገባቸው ይሆናል። መፍትሔያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ አንዱ የኢንጂነር ሥራ ነው፣ ሌላው አንድ መስመር ጽሑፍ። አስተካክላችሁ ስትለቁ ደግሞ ወደ ዳታው ተመለሱ።

አንዳንዴ ሁለቱ ዘዴዎች ይጋጫሉ። በቃለ መጠይቅ ሁሉም የወደደው ነገር በዳታው ላይ የሚነካው የለም። ያኔ መጀመሪያ ሁለቱ ስለ አንድ ዓይነት ሰው የሚያወሩ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከሆኑ፣ ሰዎች ምን ያደርጋሉ ለሚለው ዳታውን እመኑ። ለምን ለሚለው የወደዱትን ሰዎች መልሳችሁ ጥሩና ነገሩን ስልካቸው ላይ ፈልገው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው። ጭራሽ የት እንዳለ የማያውቁም ይኖራሉ።